ስለ «ሸዕወዛ» እና ስለ «ሥራይ» ቃላት ትርጓሜና አመጣጥ

ከኢትዮጵያ ተነሥተው በሥራ ምክንያት ወደ ዱባይ፣ ወደ ሻርጃና ወደ ዐጅማን የሚሻገሩ ምእመናን በአንገታቸው ማዕተብ አስረው ይሄዳሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከማዕተቡ ጋር ሌላ ነገር ጨምረው ይይዛሉ፤ ይኸውም እናት ወይም አያት «ለመንገድ ይሁንሽ» ብላ ያሰረችው፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነው። ክታቡ በሀገር ቤት ሳለ የሚያመጣው ነገር ቢበዛ የንስሓ አባት ተግሣጽ ነው። ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ግን በሌላ ቋንቋ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ስሙም ከወንጀል ሕግ የሚገኝ ስም ነው። ስለዚህ የዚህን ስም ትርጓሜና አመጣጥ መመርመር ለሰዋስው ተማሪ ብቻ ሳይሆን መንገደኛውን ባርኮ ለሚሸኝ ካህንም የሚያስፈልግ ሆኖ ይገኛል።

ሦስቱ ከተሞች በባሕረ ሰላጤው ዳር ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ ከዱባይ ተነሥቶ በሻርጃ በኩል ዐጅማን ለመድረስ ሩቅ መንገድ የለም። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገዥ ቢኖራቸውም፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ከተመሠረተ ወዲህ በአንድ የፌዴራል መንግሥት ሥር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቁጥር 31 የወጣውና ከ2022 መባቻ ጀምሮ የጸናው የወንጀልና የቅጣት ሕግ በሦስቱም ይሠራል። በዚህ ሕግ «ሲሕር» ወይም «ሸዕወዛ» የሠራ ሰው፣ ሥራው እውነት ይሁን ማታለል፣ ዋጋ ይቀበልበት ወይም አይቀበልበት፣ በእስራትና ከ50,000 ድርሃም በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ ታዟል። መቀጮው ለአንዲት የቤት ሠራተኛ የዓመታት ደመወዝ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆኑ መጻሕፍትን፣ «ጠላሲም» የሚባሉትን ጽሕፈቶችና ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ወደ ሀገሩ ያስገባ ወይም ይዞ የተገኘ ሰውም ከዚሁ ቅጣት አያመልጥም። የዱባይ ጉምሩክም ከመንገደኞች ሻንጣ ይህን የመሰለ ነገር መያዙን በየጊዜው አስታውቋል።

እንግዲህ ሦስት ቃላት ቀርበዋል፤ ሲሕር፣ ሸዕወዛ፣ ጠላሲም። ከሦስቱ ታሪኩ እጅግ የሚያስገርመው የመካከለኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1311 አካባቢ የሞተው ኢብን መንዙር «ሊሳን አልዐረብ» በተባለው ታላቅ መዝገበ ቃላቱ የሸዕወዛን ትርጉም የሚጀምረው በእጅ ቅልጥፍና ነው። ሸዕወዛ ማለት እጅ ፈጥኖ ሲሠራ አንድ ነገር ለዓይን ካልሆነው ሆኖ የሚታይበት ጥበብ ነው፤ ነገሩ ሲሕርን ቢመስልም መሠረቱ የእጅ ፍጥነት ነው። ከዚሁ ቃል «ሸዕወዚ» የሚባል ስም ወጥቷል፤ እርሱም የመኳንንትን አስቸኳይ መልእክት በፈረስ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከፍጥነቱ የተነሣ ነው። ሊቃውንተ ዐረብ ቃሉ ሰዎች የሚናገሩበት ቢሆንም የበረሃ ዐረቦች ንግግር አይደለም ብለዋል። ይህም ማለት ቃሉ ከድንኳን ሳይሆን ከገበያና ከአደባባይ የመጣ ነው ማለት ነው፤ ተመልካች በሌለበት ዓይን የሚያታልል እጅ ምን ሥራ አለው? እንግዲህ ቃሉ በጥንቱ ስለ ጋኔንም ስለ ሟርትም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ጣቶች ነው።

ከኢብን መንዙር አንድ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የኖረው ኢብን ኸልዱን (እ.ኤ.አ. በ1406 ሞተ) በታወቀው «ሙቀዲማ» መጽሐፉ ሦስቱን ነገሮች ለይቶ በደረጃ አስቀምጧቸዋል። ያለ ምንም መሣሪያ በነፍስ ኀይል ብቻ የሚሠራው ሲሕር ነው፤ በከዋክብት ጠባይ፣ በቍጥርና በመሳሰለው እየተረዳ የሚሠራው ጠልሰም ነው፤ ሦስተኛው ግን በተመልካቹ ሐሳብ ውስጥ ብቻ የሚታይ፣ ከውጭ ምንም ነገር የሌለበት ነው፤ ፈላስፎችም ይህን ሸዕወዛ ይሉታል። ልዩነቱ የጠራ ነው፤ ሁለቱ አንድ ነገር ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ያሳያል እንጂ አይሠራም። የዛሬው ሕግ ሦስቱንም ስሞች ይዟል፤ ነገር ግን «እውነት ይሁን ማታለል» በሚለው ቃሉ ልዩነታቸውን አጥፍቶታል። ሕግ አውጪውን በዚህ መንቀፍ አይገባም፤ የድኻን ገንዘብ በማታለል የሚበላውን ሰው «የሠራኸው ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» እያለ የሚመራመር ዳኛ ፍርዱን አይጨርስምና። ሆኖም ቃሉ ከእጅ ጨዋታ ተነሥቶ እስከ እስር ቤት መድረሱ መታወቅ አለበት። በዛሬው ዐረብኛ ንጹሑ የእጅ ጨዋታ ሌላ ስም አግኝቷል፤ «ኺፈት አልየድ» ይባላል፣ የእጅ ቅለት ማለት ነው። ኳስ እየወረወረ የሚቀልበውም «በህለዋን» ይባላል፤ ይህም ከፋርስ የመጣ፣ በመጀመሪያው ጀግና ማለት የነበረ ቃል ነው። ስለዚህ በዱባይ የትርኢት አዳራሾች እጁን የሚያፈጥን ሰው ይጨበጨብለታል፤ የቀድሞ ስሙ ግን ለወንጀለኛ ቀርቷል።

በአውሮፓም ቋንቋዎች ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የዐረብኛን መዝገበ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ የመለሱ ሊቃውንት ሸዕወዛን «ጃግለሪ» ብለው ተርጕመውታል። ይህ ቃል ከላቲኑ «ዮኩስ» የመጣ ነው፤ ዮኩስ ቀልድ ማለት ሲሆን «ዮኩላቶር» ቀልደኛ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝ ሲገባ ቀልደኛውን፣ ዘፋኙንና ዓይን አታላዩን በአንድነት ይጠራ ነበር። ከዚያም አታላይ ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይሰደብበት ጀመር። በ16ኛው መቶ ዓመት የተነሡት የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች የሮማን ካህናት ሥርዐት በዚሁ ቃል ይሳደቡት ነበር፤ አንዱ የሌላውን ጸሎት የእጅ ማታለል ብሎ መጥራቱ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። ዛሬ ቃሉ በአብዛኛው ብዙ ኳስ በአየር ላይ ለሚያመላልስ የሰርከስ ሰው የሚነገር ሲሆን፣ ይህ ጠባብ ትርጉም የጸናው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

በዚህ ቦታ ሬጂናልድ ስኮት የተባለው እንግሊዛዊ ሊታሰብ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው የጥንቆላን ነገር በገለጠበት መጽሐፍ፣ ሳንቲም እንዴት እንደሚሰወር፣ አንገቱ የተቈረጠ የሚመስል ሰው እንዴት እንደሚታይ አንድ በአንድ አስረድቷል። ይህን ያደረገው ሰውን ለማጫወት አልነበረም። በዘመኑ ድኾች አሮጊቶች «ጠንቋይ» ተብለው በስቅላት ይገደሉ ነበርና፣ ብዙ ሰው የዲያብሎስ ሥራ ነው የሚለው ነገር የጣት ሥራ መሆኑን በማሳየት ሊያድናቸው ፈልጎ ነው። ሁለቱን ቃላት መለየት ነፍስ ማዳን ሆኖ ታይቶት ነበር። መጽሐፉ ግን ፍርዱን ወዲያው አላስቆመውም፤ በእንግሊዝ የጥንቆላ ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1736 ነው።

በአማርኛ ለኳሱ ጨዋታ የተለየ ስም አልወጣለትም። «ወርውሮ መቅለብ» ብንል ነገሩ ይገባል። ልጃገረዶች በቅልሞሽ ጠጠር ወደ ላይ ወርውረው፣ እርሱ ሳይወርድ ሌላውን ከመሬት አፍሰው ሲቀልቡ ማየት የተለመደ ነው፤ ማንም ግን ይህን ምትሐት አላለውም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርከስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ልጆች ይህን ጥበብ ተምረዋል። ከጅማ የወጡት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹም በመቅለብ ጥበባቸው በእንግሊዝ ሀገር ታውቀው «ሰርከስ አቢሲኒያ» የተባለውን ጓድ መሥርተዋል። ይህ የጨዋታ ወገን ስለ ሆነ እዚህ ላይ ይበቃል።

የማታለሉና የፈውሱ ወገን ግን በግእዝ ሰፊ ታሪክ አለው። ዋናው ቃል «ሥራይ» ነው። ሥራይ በመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ስለዚህ በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 9 የተነገረው፣ ሕሙማን እንጂ ጤነኞች የማይሹት ሐኪም በግእዝ «ዐቃቤ ሥራይ» ይባላል፤ ወደ ቈላስይስ ሰዎች በተላከው መልእክት የተጠቀሰው ሐኪሙ ቅዱስ ሉቃስም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ሥር «መሠርይ» የሚለው ቃል ይወጣል፤ በኦሪት ዘጸአት በሙሴ ፊት የቆሙት የፈርዖን ሰዎች መሠርያን ናቸው። አንዱ ሥራይን ይጠብቃል፣ አንዱ ሥራይን ያደርጋል። ምክንያቱ በግሪኩ ይገኛል፤ የግሪኩ «ፋርማኮን» መድኃኒትም መርዝም አስማትም ነውና፣ ሊቃውንተ አክሱም ሲተረጕሙ ሁለቱንም ወገን የሚሸከም ቃል በራሳቸው ቋንቋ አግኝተው አስገቡት። በአማርኛ «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባል ክፉ ማለት መሆኑን፣ «መድኃኒት ሰጠችው» ሲባል ግን ደግ ማለት መሆኑን የሚያስተውል ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

መሠርይ ወደ አማርኛ ሲወርድ «መሠሪ» ሆነ። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የሚነገረው ሲሞን እስከ ዛሬ «ሲሞን መሠሪ» ይባላል። ዛሬ ግን «እርሱ መሠሪ ነው» የሚል ሰው አስማት ያደርጋል ማለቱ አይደለም፤ ተንኰለኛ ነው፣ በስውር ያሤራል ማለቱ ነው። የእንግሊዙ ቀልደኛ ወደ አታላይ እንደ ወረደ፣ የግእዙም አስማተኛ ወደ ተንኰለኛ ወርዷል።

ለዐረቡ ሸዕወዛ፣ ኢብን ኸልዱን በተረጐመው መሠረት፣ የሚቀርበው ግን ሥራይ አይደለም፤ «ምትሐት» ነው። ደቀ መዛሙርት ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ ባዩት ጊዜ የመሰላቸው ነገር በግእዙም በአማርኛውም ወንጌል ምትሐት ተብሏል፤ በግሪኩ «ፋንታስማ» ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህን ቃል ከምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት አስገብተው፣ ቃል ሥጋ የሆነው በአማን እንጂ በምትሐት አይደለም በማለት ሥጋውን ጥላ የሚያደርጉትን መናፍቃን መልሰውበታል። ስለዚህ ምትሐት በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የአማን ተቃራኒ ነው፤ ለዓይን የሚታይ፣ ሲዳስሱት የማይገኝ ነገር ነው። «ምትሐት» እና «ሥራይ» በአንድ ስም ቢጠሩ የትምህርቱ ድንበር ይፈርሳል።

አሁን ወደ ክታቡ እንመለስ። ክታብ «ከተበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ከተበ ጻፈ ማለት ሲሆን ከዐረብኛው ጋር አንድ ሥር ነው። በአማርኛ ግን ከዚሁ ግስ «ክትባት» ወጥቷል፤ ሐኪም በመርፌ የሚሰጠው ማለት ነው። አንድ ግስ በአንድ በኩል በአንገት የሚታሰረውን፣ በሌላ በኩል በክንድ የሚወጋውን ወልዷል፤ በሁለቱም የሚፈለገው ከደዌ መጠበቅ ነበርና። በክታብ ላይ የሚሣለው ዓይን፣ መልአክና መረብ የሚመስለው ሥዕል «ጠልሰም» ይባላል። ይህ ቃል የግሪክ «ቴሌስማ» ነው፤ ዐረቦች «ጢለስም» አሉት፤ በብዙ ቍጥር «ጠላሲም»። እንግዲህ በኤምሬቶች ሕግ የተጻፈው ቃልና ደብተራው በጎጃምና በጎንደር በብራና የሣለው ነገር ስም አንድ ቃል ነው። በዱባይ ቃል የሚመነዝር ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ዋና ነገር ይህ ነው።

ደብተራ የሚለው ስም ራሱ ምሳሌ ይሆናል። በግእዝ ደብተራ ድንኳን ነው፤ በኦሪት የእግዚአብሔር ማደሪያ የነበረችው ድንኳን በዚህ ስም ትጠራለች። ከዚያ ለማሕሌቱ ሊቅ ስም ሆነ። በሕዝብ አፍ ግን «ደብተራ» ሲባል ቅኔውንና ዜማውን ትቶ ክታብ ጸሓፊነቱን የሚያስብ ብዙ ነው። ለዚህም ምክንያት የሆኑት ራሳቸው አንዳንድ ደብተሮች ናቸው፤ የበግ ቆዳ በባለጕዳዩ ቁመት ልክ ቈርጠው ጸሎትንና ያልታወቀ ስምን ቀላቅለው ጽፈዋልና። ከጽሕፈቶቹ አንዱ «መፍትሔ ሥራይ» ይባላል፤ ሥራይን የሚፈታ ማለት ነው። ስሙ ሥራይን የሚቃወም ነው፤ ቃል በቃል ወደ ዐረብኛ ቢመለስ ግን «ፈክ አስሲሕር» ይሆናል። ይህም በዚያ ሀገር አታላዮች ገንዘብ የሚሰበስቡበት ስም ነው። ከሥራይ ልትጠበቅ የያዘችው ሴት ሥራይ እንደ ያዘች ልትቈጠር ትችላለች።

እንደዚህ ያለ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ሟርትንና ጥንቆላን ከመንግሥታቸው ለማጥፋት ብርቱ ትእዛዝ አወጡ። ምእመናን በግንባራቸውና በእጆቻቸው የሥላሴን ስምና የሰይጣንን ክሕደት እንዲጽፉ አዘዙ፤ በመጽሐፈ ብርሃንም ይህን ነገር አጥብቀው ነቀፉ። እንግዲህ ክታብን የሚነቅፈው ትእዛዝ በሥጋ ላይ ጽሕፈት አዘዘ ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተጻፈው ነገር እንጂ በመጻፉ አልነበረም። ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረው «ደስክን» እና «ዲኖን» አመለኩ ተብለው የተከሰሱ ሁሉ ያለ ርኅራኄ ተቀጡ፤ ከንጉሡ ልጆችም በዚህ ክስ የሞቱ አሉ። ከዚያ በኋላ ክፉ ሰዎች ይህን ክስ መሣሪያ አደረጉት፤ የጠሉትን ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይከሱት ጀመር፤ በኋላም የሐሰተኞቹ ከሳሾች ነገር ተገለጠ። የንጉሡ ሐሳብ እምነትን ማጥራት እንደ ነበረ መጻሕፍታቸው ይመሰክራሉ፤ የስሙ ስፋት ግን ንጹሑን ከበደለኛው ጋር አስወሰደ።

ዛሬ በዱባይ፣ በሻርጃና በዐጅማን ፍርድ ቤት ለቆመች ኢትዮጵያዊት ቃሉን የሚመነዝርላት አስተርጓሚው ነው። «ይህ ምንድን ነው?» ተብላ ስትጠየቅ «ክታብ» ብትል፣ የዐረቡ ጆሮ «መጽሐፍ» ብሎ ይሰማል፤ በሕጉም መጻሕፍት ተጠቅሰዋል። አስተርጓሚው «ሒርዝ» ቢል መጠበቂያ ማለቱ ነው፤ «ጠልሰም» ቢል የሕጉን ቃል ራሱን ተናገረ። ሦስቱም የአንድ ቆዳ ስሞች ናቸው። ክታቡን ከሀገር አለመያዝ ይሻላል፤ ሕጉ ግልጥ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንም ተግሣጽ ከእርሱ ቀድሟል። ይህን ለመንገደኞች መንገር የሚገባው ከመነሣታቸው በፊት እንጂ ከተያዙ በኋላ አይደለም።

ቃላቱን ለመመርመር የሚሻ ሊቅ ከሁለት ወገን መጻሕፍት አያጣም። በእኛ በኩል የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ» በ1948 ዓ.ም.፣ ይህንኑ መጽሐፍ ከፍጻሜ ያደረሱት የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። በዐረቦቹ በኩል ደግሞ በዚያችው በሻርጃ የሚገኘው የዐረብኛ ቋንቋ አካዳሚ፣ በገዥው በሼክ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አልቃሲሚ ድጋፍ የእያንዳንዱን ቃል አመጣጥ በየዘመኑ የሚከተል ታሪካዊ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2024 በ127 ጥራዝ ፈጽሞታል። ሸዕወዛን በወንጀል የሚቀጣው ሀገር የቃላትን ታሪክ ለመጻፍ ይህን ያህል ድካም የደከመ ሀገር ነው።

ማዕተብን በሚመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማዕተብ «ዐተበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ዐተበ በመስቀል ምልክት ባረከ፣ አማተበ ማለት ነው። በውስጡ የተሰወረ ጽሕፈት የለም፤ በቆዳ አይሰፋም፤ የሚፈታም የሚያስርም ስም አይጠራበትም፤ የተጠመቀ ሰው ምልክት ነው። አስተርጓሚው ወደ ዐረብኛ ሲመልሰው «ኸይጥ አስሰሊብ» ይበለው፤ የመስቀል ክር ማለት ነው።